ናሐል ዳር ግንብ ከማሠራታችሁ በፊት

የክረምቱ ዝናብ በጀመረ ቁጥር ከቂርያት መላኺ፣ ከገደራና ከያቭኔ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል፦ «የግቢያችን ጫፍ ወደ ናሐሉ (ወደ ወንዙ) እየተናደ ነው፤ ግንብ እናሠራ ወይ?» ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

መጀመሪያ ውሃውን እንወቀው። ናሐል ሶሬቅ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከኢየሩሳሌም ዙሪያ ተራሮች ተነሥቶ፣ ያቭኔን በሰሜን በኩል አልፎ ፓልማኺም አጠገብ ባሕር ይገባል። በበጋ ሸምበቆ የዋጠው ቀጭን ጅረት ነው። ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን ያቭኔ ላይ ፀሐይ ወጥቶ እያለ እንኳ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የወንዙን ስፋት በሐምሌ ባያችሁት አትለኩት።

ወላጆቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ። ግንብ የሚወድቀውም እንደዚያው ነው። ወንዙ በሚታጠፍበት በውጭው በኩል ውሃው ይፈጥናል፤ የግንቡን እግር ከሥር ይቦረቡራል። ከላይ ሲታይ ደህና ነው፤ መሠረቱ ግን ባዶ ላይ ቆሟል። ከዚያ በአንድ ሌሊት ይሄዳል።

ሁለተኛው ጠላት ከጀርባ ይመጣል። በቂርያት መላኺ ዙሪያ ያለው ከባድ አፈር አገር ቤት መረሬ የምንለው ዓይነት ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ግንቡ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ከሌለው እርጥብ አፈሩ ገፍቶ ይጥለዋል። የገደራና የያቭኔ ቀይ አሸዋማ ሐምራ ደግሞ በየስንጥቁ እየታጠበ ይወጣል።

ከአገራችን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ጎጃምንና ጎንደርን የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን በዓባይ ላይ በድንጋይ የተሠራ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ለብዙ አሥርት ዓመታት ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲያና ወዲህ የቆሙ ሰዎች እየጎተቱት ይሻገር ነበር። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ ይህን በመጽሔት ፎቶ ላይ አይቶ በ2002 የተሰበረውን ክፍል በብረት አስጠገነው። በ2005 ጎርፍ መጥቶ ወሰደው። በ2009 ግን ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ፤ ከጎርፉ ከፍ ብሎ፣ ከወንዙ መካከል ምንም ሳያቆም። የፈረሰውን በነበረበት ቦታ መመለስ ሁልጊዜ ጥገና አይሆንም። ውሃው አንድ ጊዜ የት ድረስ እንደሚመጣ ካሳየን ማመን አለብን።

እዚሁ ቅርባችንም ትምህርት አለ። ሎድ አጠገብ ሱልጣን ባይባርስ በ1273 ያሠራው ጂንዳስ ድልድይ ከ700 ዓመት በላይ ቆይቷል። ሦስት ቅስቶቹ ለውሃው ሰፊ በር ትተውለታል። ያቭኔ አጠገብም በሶሬቅ ላይ የማምሉኮች ዘመን ድልድይ አለ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዩት።

እንግዲህ በእኛ ግቢ ምን እናድርግ?

1. በበጋ፣ ውሃው ሲቀንስ፣ የግንቡን እግር ተመልከቱ። የተቦረቦረ ካለ የላዩን ስንጥቅ በሲሚንቶ መለሰን ገንዘብ ማባከን ነው።

2. የጣሪያችሁና የግቢያችሁ ዝናብ በየት እንደሚወርድ እዩ። ብዙ ዳር የሚናደው ከወንዙ በፊት ከራሳችን አሸንዳ በሚፈስ ውሃ ነው። ያንን በቱቦ አስወርዱት፤ የቱቦው አፍ ሥር ድንጋይ ይደርደር።

3. ቦታ ካላችሁ ዳሩን ቀጥ አድርጋችሁ ከመገንባት ተዳፋት አድርጉት፤ ሥሩ ጥልቅ የሆነ ተክል ይያዘው። ይህ ከሁሉ ርካሹ ነው።

4. ቦታ ከሌለ ጋቢዮን አስቡ። በሽቦ ሳጥን የታሰረ ድንጋይ ውሃ ያሳልፋል፤ መሬቱ ትንሽ ሲሰምጥም አብሮት ይጎብጣል እንጂ እንደ ኮንክሪት አይሰበርም። ከጀርባው አፈር የሚያጣራ ጨርቅ ይግባ፤ የታችኛው ረድፍ ከወንዙ ወለል በታች ይቀበር።

5. ኮንክሪት የግድ ከሆነ ያለ መሐንዲስ አትጀምሩ። «ልምድ አለኝ» የሚል ካብላን (ተቋራጭ) ብቻውን አይበቃም፤ የመሠረቱን ጥልቀትና የውሃ ማስወጫውን በሥዕል ያሳያችሁ።

ስለ ሕጉም ልናገር። የእስራኤል የፍሳሽና የጎርፍ መከላከል ሕግ ከ1957 ጀምሮ አለ። የወንዙን ፍሰት የሚነካ ሥራ ያለ ፈቃድ አይሠራም። በእኛ አካባቢ ኃላፊው የሶሬቅ-ላኺሽ የናሐልና የፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። መሬቱ በስማችሁ በታቡ (በመሬት መዝገብ) ቢመዘገብም ወንዙ የሕዝብ ነው። ያለ ፈቃድ የተሠራ ግንብ በራሳችሁ ወጪ ሊፈርስ ይችላል። ዕብራይስጥ ለሚከብዳቸው ሽማግሌዎቻችን ልጆች የፈቃድ ማመልከቻ ደብዳቤውን ይጻፉላቸው፤ የተናደውን ፎቶ ከነቀኑ አያይዙ።

በመጨረሻ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው። አንዱ ዳር ብቻውን ሲጠነክር የተገፋው ውሃ ማዶ ያለውን ወይም ከታች ያለውን ጎረቤት ዳር ይቆፍራል። የእኔን ግቢ ያዳነ ግንብ የጎረቤቴን ሊያፈርስ ይችላል። ስለዚህ ብቻችሁን ከማመልከታችሁ በፊት የላዩንና የታቹን ጎረቤት ጠርታችሁ፣ ዳሩን አብራችሁ ሄዳችሁ አይታችሁ፣ በአንድ ደብዳቤ አመልክቱ። ወጪው ይከፋፈላል፤ መሐንዲሱም ወንዙን እንደ አንድ ወንዝ ያያል።