ተጨማሪ መረጃ፦ ገመዱ ሲቀር ምን ይቀራል?

ገመድ አልባ ኪቦርድና ማውስ ጠረጴዛችንን ከሽቦ ጥልፍልፍ ይገላግሉታል። ባለገመዱ ግን ኃይሉን ከኮምፒውተሩ ስለሚያገኝ ባትሪ አያልቅበትም። ኮምፒውተሩ ላይ የምትሰካው፣ የጣት ጥፍር የምታህለው የገመድ አልባው መቀበያ ከጠፋች ደግሞ ደህናው ኪቦርድ ከነጤንነቱ ሥራ ይፈታል። ብሉቱዝ የሆነው ኮምፒውተሩ ተነሥቶ እስኪጨርስ ድረስ ብዙ ጊዜ አይሠራም።

አብዛኞቹ ገመድ አልባ ኪቦርዶችና ማውሶች የሚጠቀሙት ዋይፋይም የሚጋራውን የ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ነው። የዩኤስቢ 3.0 መሣሪያዎችና ገመዶች በዚሁ ክልል ሁከት እንደሚፈጥሩ ኢንቴል በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ አሳይቷል። ስለዚህ ማውሱ ሲቆራረጥ ተበላሽቷል ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት መቀበያውን ከዩኤስቢ 3.0 ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አርቃችሁ ሞክሩት።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ደኅንነቱ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ባስቲል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተመራማሪዎች «ማውስጃክ» ያሉትን ክፍተት ይፋ አደረጉ። በርካሽ መሣሪያ፣ 100 ሜትር ያህል ርቆ የቆመ ሰው መቀበያውን አታልሎ በሌላው ኮምፒውተር ላይ እንደ ባለቤቱ መጻፍ ይችል ነበር። በዚያው ዓመት ያጋለጡት «ኪስኒፈር» ደግሞ ይብሳል፤ አንዳንድ ርካሽ ኪቦርዶች የተመታውን ፊደል ሁሉ ሳያመሰጥሩ ይልኩ ስለነበር የይለፍ ቃል ሳይቀር ከሩቅ ይነበብ ነበር። ቤት ውስጥ ለመጫወቻ የምንጠቀምበት ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ይመስላል። የባንክ ሒሳብ ወይም የተማሪዎች ውጤት በሚመዘገብበት ኮምፒውተር ላይ ግን ባለገመዱን ተጠቀሙ።