አሻንጉሊት የሚሰበስቡ ትልልቅ ሰዎች

ከአምቦ ተነሥቶ ወደ ሐሮ ወንጪ የሚወጣ መንገደኛ ዳገቱን ጨርሶ ከአፋፉ ላይ ሲቆም ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው በሐይቁ ላይ ነው። ይህም አያስደንቅም፤ ሐይቁ የተኛው ጥንት እሳተ ገሞራ በቦረቦረው ጐድጓዳ ውስጥ ሲሆን፣ ዙሪያውን የከበበው ተራራ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። በውሃው መካከል ደሴት፣ በደሴቱም ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። እንግዳው በፈረስ ወርዶ፣ በጀልባ ተሻግሮ፣ ፎቶግራፉን አንሥቶ ይመለሳል። እኛ ግን ዛሬ የምናወራው ስለ ሐይቁ አይደለም። ከመንገዱ ዳር፣ ከእረኞቹ ልጆች እግር ሥር ስላለው ጭቃ ነው።

በደጋው አገር ያደገ ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። እረኛው ልጅ ከምንጭ ዳር የሚያጣብቅ ጭቃ ያነሣና በሬ ይሠራል። ቀንዱ እሾኽ ነው፤ ሻኛው በአውራ ጣት ተቈንጥጦ ይወጣል። ሁለት በሬ ከሆነለት ከስንጥር ቀንበር አበጅቶ ይጠምዳቸዋል። ፈረስም ይሠራል፤ በምዕራብ ሸዋ ፈረስ የሌለበት ጨዋታ ጨዋታ አይባልምና ፈረሰኛም ይቀመጥበታል። ከዚያ በኋላ በሬው ከበሬ ይዋጋል፤ ፈረሱ ይጋልባል፤ አንገቱ ይቀነጠሳል፤ ማታ ከብቱ ሲገባ ሁሉም እዚያው ሜዳ ላይ ይቀራል። ሌሊቱን ዝናብ ከጣለ ጧት ተመልሶ ጭቃ ነው። ልጁም አያለቅስም፤ ሌላ ይሠራል።

አሁን ደግሞ ሌላውን ሰው እንመልከት። ዕድሜው ከአርባ ያለፈ፣ ትዳርና ሥራ ያለው፣ በጎረቤቱ ዘንድ የተከበረ ሰው ነው። ከደመወዙ ቈርጦ እጅና እግሩ የሚታጠፍ፣ ካባ የለበሰ፣ ጐራዴ የያዘ የጀግና አሻንጉሊት ይገዛል። ለልጁ እንዳይመስላችሁ! ሣጥኑን እንኳ ሳይከፍት ከመደርደሪያው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ልጁ እጁን ሲዘረጋም «ተው፣ እንዳትነካው!» ይለዋል። ለመሆኑ ይህ ሰው ምን ነክቶት ነው? ልጅነቱ ተመልሶበት ነውን?

«ይህ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ከመፍረዱ በፊት የገዛ ሳሎኑን ቢመለከት ደግ ነው። በአምቦም ሆነ በጊንጪ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በደሴ፣ ብርጭቆ በሚደረደርበት የመስተዋት ቡፌ ውስጥ ፀጕሯ ወርቅ የመሰለ አሻንጉሊት ከነላስቲኳ ቆማ ያላየ ማን አለ? ልጆቹ አድገው ከቤት ወጥተዋል፤ እርሷ ግን ከቡፌው አልወጣችም። የቤቱ እመቤት በዓል ሲደርስ አውጥታ አቧራዋን ትጠርግና መልሳ ታቆማታለች። እኛ ይህን የቤት ጌጥ እንለዋለን እንጂ መሰብሰብ አንለውም። ነገር ግን ለመጫወቻ የተሠራን ዕቃ ገዝቶ ጨዋታውን መከልከል የሰብሳቢ ሥራ ካልሆነ የማን ሥራ ሊሆን ነው?

መቼም አድልዎ አለብን። ቴምብር የሚሰበስበውን ሰው ሊቅ እንለዋለን። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በፓሪስ ከታተሙት ከአገራችን የመጀመሪያ ቴምብሮች አንዱ ያለው ሰው፣ እንግዳ ሲመጣ አልበሙን እየገለጠ ያሳያል፤ እንግዳውም ያደንቃል። አሻንጉሊት ሰብሳቢው ግን ክፍሉን ይቈልፋል። አንዱ ቁራጭ ወረቀት፣ ሌላው ቁራጭ ፕላስቲክ ነው፤ የሁለቱም ዋጋ የሚገኘው ከሚወዳቸው ሰው ልብ ነው።

ይህ ኀፍረት በተለይ በወንዶች ላይ የጠነከረ መሆኑን ፋብሪካዎች ቀድመው አውቀውታል። እ.ኤ.አ. በ1964 ሃዝብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጂ.አይ. ጆ የሚባለውን ወታደር ሲያወጣ አንድ ችግር ገጠመው። ወታደሩ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ መገጣጠሚያው ይታጠፋል፤ ልብሱ ይወልቃል፤ ይቀየራል። ይህም በግልጽ ቋንቋ አሻንጉሊት ማለት ነው። ነገር ግን የዚያን ጊዜ የአሜሪካ አባት ለወንድ ልጁ አሻንጉሊት መግዛትን አይወድም ነበር። ስለዚህ ኩባንያው ያን ቃል እርግፍ አድርጎ ተወና «አክሽን ፊገር» የሚል ስም አወጣለት፤ እኛ «የገድል ምስል» ብንለው ያስኬዳል። ዕቃው ሳይለወጥ ስሙ ብቻ ተለወጠ፤ ገበያውም ደራ። የዚሁ ወታደር የመጀመሪያ ናሙና እ.ኤ.አ. በ2003 በሐራጅ ሲሸጥ 200,000 ዶላር አወጣ። የገዛውም ልጅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው የ«ስታር ዎርስ» ፊልም ነገር ለጥያቄያችን የበለጠ ፍንጭ ይሰጣል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1977 ወጥቶ ሕዝብ ሲጐርፍለት፣ ኬነር የተባለው ኩባንያ የፊልሙን አሻንጉሊቶች ለገና በዓል ማድረስ አልቻለም። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ባዶ ማሸጊያ ሸጠ! በውስጡ የነበረው «ይህን ወረቀት ሞልታችሁ ላኩልን፤ አራቱን አሻንጉሊቶች በሚመጣው ዓመት በፖስታ እንልካለን» የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ነው። የገና ስጦታውን የከፈተ ልጅ ያገኘው ተስፋ ብቻ ሆነ። እነዚያ ልጆች ዛሬ ሽበት አብቅለዋል። ተቋርጦ የነበረው የእነዚሁ አሻንጉሊቶች ሥራ እ.ኤ.አ. በ1995 እንደገና ሲጀመር ከገዢዎቹ ብዙዎቹ እነርሱው ነበሩ።

ሰው አይቶ ያላገኘውን ነገር አይረሳም። በኛ አገር ይህ ከፈረንጅ አገር ይልቅ የበረታ ነው። በአምቦ ገበያ ከሱቅ በር ላይ ቆሞ ቀይ የቆርቆሮ መኪና ሲመለከት የቆየውን ልጅ አስቡት። አባቱ በያዘው ገንዘብ ደብተርና የላስቲክ ጫማ ገዝቶለት እጁን ይዞት ሄደ። አባትየው አልተሳሳተም፤ ልጁም አባቱን አልተቀየመም። ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን አንድ ቀን በመርካቶ ሲያልፍ፣ ኪሱ ውስጥ የራሱ ገንዘብ እያለ፣ ያችን የመሰለች መኪና ያያል። «ለልጄ ነው» ይለዋል ባለሱቁን። ባለሱቁም ስንት ዓይነት አባት አይቷልና አይከራከረውም። የመጀመሪያዋ እንዲህ ትገዛለች፤ ሁለተኛዋ ብቻዋን እንዳትሆን፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ቀለሟ ስለ ተለየ ይገዛሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሚስቱ ትቍጠረው።

ይሁን እንጂ ናፍቆት ብቻውን ሁሉን ነገር አይገልጥም። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የሚመስለኝ ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱን ለማስረዳት ግን ወደ ለንደን መሻገር ያስፈልጋል።

በዚያ ከተማ ብሪቴንስ የተባለ የታወቀ የአሻንጉሊት ፋብሪካ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1893 ዊልያም ብሪቴን የተባለው ባለሙያ እርሳስ ከሚባለው ማዕድን ውስጡ ክፍት የሆነ ወታደር የሚያወጣበትን ዘዴ አገኘ። የሚፈጀው ማዕድን ጥቂት ስለ ሆነ ዋጋው ረከሰ፤ ቁመቱ 54 ሚሊ ሜትር የሆነው ወታደርም ከብዙ ልጆች እጅ ገባ። በትልልቆችም እጅ ገብቷል፤ ኤች. ጂ. ዌልስ የተባለው ስመ ጥር ደራሲ ዕድሜው ከአርባ አምስት ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1913፣ በእነዚህ ወታደሮች እንዴት ጦርነት መጫወት እንደሚቻል የሚያስተምር መጽሐፍ እስከ ማሳተም ደርሷል።

ፋሽስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር፣ ይኸው ፋብሪካ የኢጣሊያን እግረኛ ወታደርና የኢትዮጵያን ንጉሠ ነገሥት ክብር ዘበኛ በእርሳስ አውጥቶ በሣጥን በሣጥን ለገበያ አቀረበ። የኛ ዘበኛ ጠመንጃውን በትከሻው አድርጎ በባዶ እግሩ ይራመዳል። የለንደን ልጅ ሁለቱን ጦር በምንጣፍ ላይ አሰልፎ ሊያዋጋ ይችል ነበር፤ የወደቀውንም ያነሣዋል። በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ቀን እውነተኛው ክብር ዘበኛ በማይጨው ላይ ሲዋጋ የወደቀውን የሚያነሣው አልነበረም። ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

በዚያ ወራት፣ ከወንጪ ብዙም በማይርቀው በደንዲና በጊንጪ አገር፣ ዕድሜው 15 ዓመት የሆነ ጃገማ ኬሎ የሚባል ልጅ ነበረ። የለንደኑ እኩያው የእርሳስ ወታደር ሲያሰልፍ እርሱ እውነተኛ ጠመንጃ አንሥቶ ጫካ ገባ። በአርበኝነቱ «የበጋው መብረቅ» እየተባለ የተጠራው፣ በኋላም ሌተና ጄኔራል ለመሆን የበቃው፣ በ2009 ዓ.ም. ያረፈው ጃገማ ይህ ነው።

ከእነዚያ የእርሳስ ዘበኞች ብዙዎቹ በልጆች እጅ ተሰባብረው ጠፍተዋል። ፋብሪካውም እ.ኤ.አ. በ1966 ወታደርን ከእርሳስ መሥራት አቆመ። የተረፉት ዛሬ ከሐራጅ ወደ ሐራጅ እየተዘዋወሩ በጎልማሶች መስተዋት ውስጥ ቆመዋል። ማልኮልም ፎርብስ የተባለው አሜሪካዊ ባለጸጋ ከመቶ ሺህ በላይ የእርሳስ ወታደር ሰብስቦ በሞሮኮ አገር፣ በታንጀር ከተማ ቤተ መዘክር እስከ መክፈት ደርሶ ነበር።

አሁን በለንደን የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ በአሮጌ ዕቃ ሱቅ መስኮት ውስጥ ያን ባዶ እግሩን የሚራመድ ዘበኛ ቢያገኝ ምን ያደርጋል እንበል? ቀለሙ ተልጧል፤ ጠመንጃው ጫፉ ላይ ተሰብሯል። እኔ ብሆን ሳልከራከር እገዛው ነበር። ልጅነቴን አያስታውሰኝም፤ በልጅነቴ አላየሁትም። ነገር ግን ያ ቁራጭ እርሳስ የተቀረጸው እውነተኞቹ በሚሞቱበት ጊዜ ነው፤ የአባቶቻችንን ቁመና በዚያች ሰዓት ባዕድ ሰው እንዴት እንዳየው ይዞ ቀርቷል። እርሱን በእንግዳ መስኮት ትቶ መሄድ ዘመድን በመንገድ ላይ አይቶ እንዳላዩ እንደ ማለፍ ይሆንብኛል። ብዙ ሰብሳቢ፣ ቢናገረውም ባይናገረውም፣ የሚሰበስበው በዚህ ስሜት ነው፤ እርሱ ካላነሣው ሌላ የሚያነሣው እንደሌለ ስለሚያውቅ ነው።

ይህን ለማየት ባሕር መሻገርም ግድ አይደለም። ከጐንደር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው በወለቃ መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች ማሰሮና ጀበና ሲሠሩ ኖረው፣ የእንግዳ መምጣት ሲበዛ ትንንሽ የሸክላ ምስሎችን ይሠሩ ጀመር፤ የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ፣ ልጇን ያቀፈች እናት፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥት ሳባ በአንድ አልጋ። በዚያ ጊዜ ሸክላ ሠሪ በጎረቤቱ ዘንድ ይናቅና ይፈራ እንደ ነበረ እናውቃለን፤ የናቀውም ምስሉን ከቤቱ ለማስቀመጥ አላሰበም። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ወር ከአዲስ አበባ የተነሡት አውሮፕላኖች በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤልን ወደ እስራኤል ወሰዱ። ዛሬ በወለቃ በመንገድ ዳር ተመሳሳይ ምስል የሚሸጡት የቀሩት ጎረቤቶች ናቸው። በቀድሞዎቹ እናቶች እጅ የተሠራውን ትንሽ አንበሳ የያዘ ሰው ግን የያዘው ጌጥ ብቻ አይደለም።

ለሚሰበስቡ አንባቢዎች ጥቂት ምክር ብንሰጥ አይከፋም። የእርሳስ ወታደር ያለው ሰው ከባሕር ማዶ ከሚመጣው የኦክ እንጨት በተሠራ ሣጥን ውስጥ አያኑረው፤ ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ ያለበት አየር እርሳሱን ነጭ ዱቄት ያደርገዋል። ርካሽ ካርቶንም እንዲሁ ነው። እርሳስ መርዝ ስለ ሆነ ሕፃን አፉ ውስጥ እንዳይከተው ይጠንቀቁ፤ እዚህ ላይ «እንዳትነካው» የሚለው አባት እውነት አለው። ለስላሳው የፕላስቲክ አሻንጉሊት ደግሞ ጠላቱ ሙቀት ነው፤ ሲያረጅ ከውስጡ ቅባት ያወጣና ይጣበቃል። ስለዚህ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ይራቅ። ለአሻንጉሊት ተብሎ የቤት ኪራይ የሚዘገይ ከሆነ ግን ምክሩ ከእኛ ሳይሆን ከሽማግሌ መጠየቅ አለበት።

የወንጪው ጭቃ ፈረስስ? እርሱን እስከ ዛሬ ከዝናብ ያዳነው ሰው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ጭቃው እሳት አላየም። እንዲቆይ ከተፈለገ ልጁ ከመሥራቱ በፊት ከተሰበረ ገል የተወቀጠ ደቃቅ አሸዋ ጭቃው ውስጥ ይቀላቀል፤ ሆዱም ወፍራም ከሆነ በስንጥር ይፈልፈል፤ ድፍን ሆኖ ከተቃጠለ ይፈነዳልና። ከዚያ በጥላ ሥር ብዙ ቀን ይድረቅ። ሸክላ ሠሪዋ በገበያ ቀን ዋዜማ ማሰሮዋን በኩበትና በጭራሮ ስታቃጥል ከጐኑ ቦታ አትነፍገውም። ለልጁም ለእርሷም ዋጋቸውን መክፈል ነው፤ የፈረሱን ስም ደግሞ ከልጁ ጠይቆ በእግሩ ሥር መጻፍ ነው፤ ልጁ ስም ሳያወጣለት የሠራው ፈረስ የለምና።