ሦስት ጉልቻ ያለው ሬዚን

ሳያኔት ኢስተር በሙቀት ለዘለቄታው የሚጠነክር ሬዚን ነው። አንዴ ከጠነከረ ቢያግሉት ተመልሶ አይቀልጥም፤ የተቀቀለ እንቁላል ጥሬ እንደማይሆን ሁሉ። በጅቡቲ ከተማ የባሕር ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች የሚወጡባቸው የፋይበር ግላስ ጀልባዎች የሚሠሩበት ፖሊስተርም የዚሁ ወገን ነው። ሆኖም ፖሊስተር ጥቂት ፐርኦክሳይድ ጠብ ካለበት በአየሩ ሙቀት ብቻ ይጠነክራል። ሳያኔት ኢስተር ግን ምድጃ ይፈልጋል፤ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው የጅቡቲ የሐምሌ ሙቀት ለእሱ ምኑም አይደለም።

ውህዱን በአስተማማኝ መንገድ መሥራት የቻሉት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ኬሚስቶች ኤርነስት ግሪጋትና ሮልፍ ፑተር ናቸው። የሬዚኑ ሞለኪውል በሁለት ጫፎቹ ላይ ሳያኔት የሚባል ስብስብ አለው፤ ኦክስጅን፣ ካርቦንና ናይትሮጂን በተርታ የተያያዙበት ነው። የሦስት ሞለኪውሎች ጫፎች ሲገናኙ ሦስቱ ካርቦንና ሦስቱ ናይትሮጂን እየተፈራረቁ ትራያዚን የተባለውን ባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበት ይሠራሉ። በሁለት ጉልቻ ድስት እንደማይጣድ፣ በሁለት ጫፍም ቀለበቱ አይዘጋም። የእያንዳንዱ ሞለኪውል ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ሌላ ቀለበት ውስጥ ይገባል፤ በዚህ መንገድ ጠቅላላው አንድ መረብ ይሆናል።

በየወርክሾፑ «ሬዚኑ ደረቀ» ይባላል። እዚህ ግን ቃሉ ያሳስታል፤ ቀለበቱ ሲሠራ የሚተንም የሚወጣም ነገር የለም።

በጣም የጠራ ሬዚን ቢሞቅም በቶሎ አይነቃም። ስለዚህ የኮባልት፣ የመዳብ ወይም የማንጋኒዝ ጨው ኖኒልፌኖል በተባለ ፈሳሽ ሟሙቶ በአፋጣኝነት ይጨመርበታል። ብረቱ ጫፎቹን ያቀራርባል፤ ፌኖሉ መጀመሪያ ከአንዱ ጫፍ ጋር ይጣበቅና ሌሎቹ ሁለቱ ተራ በተራ ይቀጠላሉ፤ ቀለበቱ ሲዘጋ ፌኖሉ ተላቆ ወደ ሌላ ጫፍ ይሄዳል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለው ተረት እዚህ የሚሠራው በግማሽ ነው፤ ብረቱ ቢቀየርም ቀለበቱ ያው ነው፣ ነገር ግን ዚንክን የመሰለ ብረት ውስጡ ቀርቶ በኋላ ሙቅ ውኃ መረቡን እንዲበላው ያግዛል።

አንድ ሞል ሳያኔት ሲጠነክር ወደ 100 ኪሎ ጁል ሙቀት ይለቃል። ወፍራም ቁራጭ በችኮላ ከጋለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ መሐሉ ሊያር ይችላል። ስለዚህ ማሞቁ ደረጃ በደረጃ ነው፤ ብዙ ጊዜ 177 ዲግሪ ገደማ ለተወሰኑ ሰዓታት፣ ከዚያ ከ220 ዲግሪ በላይ። ከጫፎቹ 60 በመቶ ያህሉ ሲያያዙ ሬዚኑ መፍሰሱን አቁሞ እንደ ረጋ ወተት ይሆናል። መረቡ እየጠጠረ ሲሄድ የቀሩት ጫፎች መንቀሳቀሻ ያጣሉ፤ የሁለተኛው ሙቀት ሥራ እነሱን ማላወስ ነው። ከቢስፌኖል ኤ የተሠራው ዓይነት ሙሉ በሙሉ ሲጠነክር የሚለሰልሰው 290 ዲግሪ አካባቢ ነው።

የጠነከረው ሬዚን ኢፖክሲ ከተባለው ሬዚን ያነሰ ውኃ ይመጥጣል፣ የሬዲዮ ሞገድም ብዙም ሳያዳክም ያሳልፋል፤ የራዳር መሸፈኛ የሚሠራበትም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 2021 የመጠቀው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ መሣሪያዎቹን የያዘው መዋቅር የካርቦን ጭረትና ሳያኔት ኢስተር ነው። ቢስማሌይማይድ የተባለ ሌላ ሬዚን ተቀላቅሎበት በጃፓኑ ሚትሱቢሺ ጋዝ ኬሚካል የወጣው ዘመዱ ደግሞ በስልክ ውስጥ ከቺፖች ሥር ይነጠፋል።

ያልጠነከረው ግን ውኃ አይችልም። እርጥበት ያገኘው ጫፍ ቀለበት በመሥራት ፈንታ ካርባሜት ይሆናል፤ ካርባሜቱ ምድጃ ውስጥ ሲፈርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ ጋዙም የጭረት ንጣፎቹን እንደ እንጀራ ዓይን ያሳብጣቸዋል። ሬዚን የጠጣ የጭረት ጥቅል በማቀዝቀዣ ስለሚቀመጥ አደጋው የሚመጣው ሲወጣ ነው። እንደ ጅቡቲ ባለ የባሕር ዳር ወበቅ ከፍሪጅ የወጣ የውኃ ጠርሙስ ወዲያው ያልበዋል፤ ማሸጊያው ቶሎ የተከፈተ ጥቅልም እንደዚሁ። ስለዚህ ጥቅሉ እንደታሸገ ለሰዓታት ይቀመጣል፤ ከክፍሉ አየር ጋር እኩል ሳይሞቅ ላስቲኩ አይቀደድም።