ሴቶች ብቻ የሚማሩበት ኮሌጅ ምን ያስተምረናል?

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሚገኘው ዌልስሊ ኮሌጅ ከ1875 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴቶችን የሚያስተምር አነስተኛ ተቋም ነው። ተማሪዎቹ ፍልስፍናን፣ ሳይንስንና ሥነ ጥበብን አጣምረው ይማራሉ። የተማሪዎችን ማኅበር የምትመራውም፣ በክርክር መድረክ የምትናገረውም ሴት ስለሆነች መሪነትን በተግባር ይለምዱታል። «ተለይታ የተማረች ሴት ከወንዶች ጋር መሥራት ይከብዳታል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ሆኖም ማድሊን ኦልብራይትና ሂላሪ ክሊንተን ከዚሁ ኮሌጅ ወጥተው የአገራቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሆነዋል።

ሐሳቡ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1931 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ለሴቶች ተከፍቷል። «ድሃ አገር ለሴቶች ብቻ ኮሌጅ መገንባት አይችልም» ለሚሉ መልሱ ቀላል ነው፤ ለምሳሌ በአማራ ክልል ላለው አዊ ዞን አዲስ ግቢ የግድ አያስፈልግም። በዞኑ ያለው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ከዳንግላና ከአካባቢው ለሚመጡ ሴት ተማሪዎች አማካሪ፣ የክርክር መድረክና የመሪነት ዕድል ይስጥ፤ ወላጆችም ሴት ልጆቻቸውን እስከ መጨረሻው ያስተምሩ።