«እንደ ልጃችን ናት»

የአንድን ኅብረተሰብ የመደብ ግንኙነት ለመመርመር የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በእርሻውና በፋብሪካው ላይ ነው። ይሁን እንጂ ብዝበዛ የፍቅርን ስም ተከናንቦ የሚኖርበት ሥፍራ ከዚያ ይልቅ ቅርብ ነው። ይኸውም ወጥ ቤት ነው። የጎንደር ተወላጅ የሆነው ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 ለተመልካች ያቀረበው «ሳንኮፋ» የተሰኘው ታሪካዊ ድራማ ይህንኑ ሥፍራ ደፍሮ ይገባበታል።

የፊልሙ ባለታሪክ ሾላ በአንድ የባሪያ አሳዳሪ ርስት ላይ የቤት ውስጥ አገልጋይ ናት። ጌታዋ በሚኖርበት ጣሪያ ሥር መዋሏ ግን ከለላ አይሆናትም። ጌታዋ ባሻው ጊዜ ይደፍራታል። (በእኛም አገር «የጭን ገረድ» የሚል ስያሜ እንደነበረ አንባቢ ያስታውሳል።) በሸንኮራው ማሳ በኩል ደግሞ ኑኑ የምትባል እናት አለች። በመደፈር የወለደችው ልጇ ጆ የጌቶቹን እምነት ተቀብሎ በገዛ ወገኖቹ ላይ አለቃ ሆኖ የተሾመ ነው። በመጨረሻም እናቱን በእጁ ይገድላል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ከጅራፉ ትዕይንቶች ሁሉ የሚከብደው ይኸው ነው፤ የጭቆና ሥርዓት በእናትና በልጅ መካከል እንኳ ሊገባ እንደሚችል ያሳያልና። ፊልሙን የሚያከፋፍል ኩባንያ በአሜሪካ ባለመገኘቱ ኃይሌ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ራሱ ማሳየቱም ለብቻው ሊጻፍበት የሚገባ ትግል ነው።

ፍሬድሪክ ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1884 ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ግል ሀብትና ስለ መንግሥት አመጣጥ ባሳተመው ጥናቱ አንድ አስደናቂ ነገር አንሥቷል። በጥንታዊት ሮማ «ፋሚሊያ» የተባለው ቃል መጀመሪያ ባልና ሚስትን ከነልጆቻቸው የሚያመለክት ሳይሆን የአንድ ሰው ንብረት የሆኑትን ባሮች በጅምላ የሚጠራ ነበር። «ቤተ ሰብ» የሚለው የኛው ቃልስ? በጥንቱ አነጋገር የቤቱን ሰው ሁሉ፣ ሎሌውንና ገረዷን ጭምር ያጠቃልል ነበር። «እንደ ልጃችን ናት» የሚለው የዛሬ አነጋገር ሥሩ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ከላሊበላ ብዙም ሳይርቅ ከአንድ አለት የተፈለፈለው የገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ለነገሠው ለይኩኖ አምላክ ዘመን የሚሰጥ ሲሆን፣ የንጉሡ ሥዕል ዛሬም በግድግዳው ላይ ይታያል። ለጠራቢዎቹ እንጀራ የጋገሩት፣ ውኃ በእንስራ ያመላለሱት ሴቶች ግን በስም አይታወቁም። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተከለከለ። የባላባቱ ቤት ግን ከአዋጁ በኋላም ያለ ደመወዝ የሚያድር አገልጋይ አላጣም፤ መሬት የሌለው ገበሬ ልጁን ከመስጠት በቀር ምርጫ አልነበረውምና። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የፈጀው ረሃብ ሕዝቡን ወደ መኪና መንገድና ወደ ከተማ ሲበትነው ይህ አሰጣጥ ይበልጥ ረከሰ።

ከላስታ ደጋ ወደ ወልድያ፣ ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱት ልጃገረዶች ጉዞም አልቆመም። ከዚያም አልፎ ዓረብ አገር አለ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ባካሄደችው የማስወጣት ዘመቻ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ አገሩ ሁሉ አለቀሰ፤ ተገቢ ኀዘን ነበር። ነገር ግን በሪያድ የሚያስቆጣን ነገር በገዛ ጓዳችን ለምን አያስቆጣንም? እርሷ አሠሪዋን «እትዬ» ትላለች፤ ከእርሷ የሚያንሰው የቤቱ ልጅ «አንቺ» ይላታል። ከሁሉ ቀድማ ትነሣለች፤ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች። ልጅ ከሆነች ትምህርት ቤት ለምን አልተላከችም? ሠራተኛ ከሆነች የዕረፍት ቀኗ መቼ ነው?

ሕጉም ቢሆን ከዚህ አነጋገር ነጻ አልወጣም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2601 አሠሪው አብራው የምትኖረውን ሠራተኛ በማደሪያና በምግብ ረገድ ጤንነቷንና ግብረ ገብነቷን እንዲጠብቅ ያዝዛል። መልካም አባት እንዲሆን ማለት ነው። በ1996 እና በ2011 ዓ.ም. የወጡት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆች ደግሞ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ከተፈጻሚነታቸው ውጭ አድርገው የሥራ ሁኔታውን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተዉት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍትና ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ፈቃድ የሠራተኞች መብት መሆኑን ሲደነግግ ግን ወጥ ቤቱን ለይቶ አላስቀረም።

ይህ የኛ ብቻ ጉድ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1938 ዝቅተኛውን ደመወዝ በሕግ ስትወስን የቤት ሠራተኞችን ወደ ውጭ ትታለች፤ ሕጉ እነርሱን የጨመረው በ1974 ነው። በመካከሉ የሆነው ነገር ትምህርት ይሰጣል። በሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች ከታኅሣሥ 1955 ጀምሮ ለ381 ቀናት በአውቶቡስ አንሳፈርም ሲሉ፣ ያን አድማ በእግራቸው የተሸከሙት በብዛት በነጮች ቤት የሚያጥቡና የሚያበስሉ ሴቶች ነበሩ። ጆርጂያ ጊልሞር የተባለችው ወጥ ሠሪ ምግብ እየሸጠች ለአድማው ገንዘብ ታሰባስብ ነበር። በማርቲን ሉተር ኪንግ ችሎት ቀርባ በመመስከሯም ከሥራዋ ተባረረች። «እንደ ቤተሰብ» የተባሉት ሴቶች በጎዳናው ላይ ሠራተኞችና ዜጎች መሆናቸውን አስመሰከሩ።

ስለዚህ ደንብ ሲባል የደግነት ምክር እንዲሆን አንሻም። የመቀጠሪያ ዕድሜን፣ የቀኑን የሥራ ሰዓት፣ የሳምንቱን የዕረፍት ቀን፣ የሕመም ፈቃድን በቁጥር ይጻፍ። ደመወዙ ለደላላው ወይም ላመጣት ዘመድ ሳይሆን በራሷ እጅ ይከፈል። ውሉም በገነተ ማርያም ያለችው እናቷ ሄዳ ልታስነብበው በምትችልበት በቀበሌው ጽሕፈት ቤት አንድ ቅጂ ይቀመጥ።