መብራት ሳይቀድም ማጥፋት

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ሐይቅ ከተማ ወይም ከዚያ አለፍ ብሎ የአምባሰሏ ውጫሌ የደረሰ ሰው ማመልከቻ ማስጻፍ ቢፈልግ ጎራ የሚለው «ኮምፒዩተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ» ከሚል ቤት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ጠዋት መጀመሪያ የሚበራው ስታቢላይዘሩ ወይም ዩፒኤሱ ነው። ሞኒተሩ ይከተላል፤ በመጨረሻ ሰው «ሲፒዩ» የሚለው ሳጥን ይበራል።

ቁልፉ ሲጫን በሳጥኑ ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ የመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ያወርደዋል። ኃይሉ ሲረጋ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ ይነቃና ፍተሻ ይጀምራል፦ ራም አለ? ኪቦርድ ተሰክቷል? ዲስኩስ የት ነው? ሁሉም ከተሟላ ዊንዶውስ ከዲስክ እየተነበበ ወደ ራም ይገባል።

ፍተሻው የሚያሰናክለው ነገር ካገኘ ዝም አይልም። ሳጥኑ ጢጥ ጢጥ እያለ ስክሪኑ ከጨለመ ጠጋኙ ቀድሞ የሚጠረጥረው ራሙን ነው። ገመዱን ነቅሎ ራሙን ያወጣና ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ አሽቶ መልሶ ይሰካዋል። በየጠዋቱ ቀኑ ወደ ኋላ እየተመለሰ «ኤፍ 1 ተጫን» የሚል መልእክት የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ያለቀችው የማዘርቦርዱ ክብ የ3 ቮልት ባትሪ ናት። ባትሪዋ እስክትቀየር ድረስ ማሽኑ በራሱ የሚያስገባው ቀን የተሳሳተ ስለሚሆን፣ ደብዳቤ ከመታተሙ በፊት ቀኑን ማየት ያስፈልጋል።

ማጥፋትም የራሱ ቅደም ተከተል አለው።

«ሻት ዳውን» ሲባል ዊንዶውስ ክፍት ፕሮግራሞችን ይዘጋል፣ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ካለ ይጠይቃል፣ በራም የቆየውን ወደ ዲስክ ይጽፋል፤ ከዚያ ኃይሉን ራሱ ይቆርጣል። በዊንዶውስ 95 ዘመን ብዙ ማሽኖች «አሁን ማጥፋት ይቻላል» የሚል ጽሑፍ አውጥተው ሰው በእጁ እስኪያጠፋቸው ይጠብቁ ነበር። ዛሬ ቁልፉን ለ4 ሰከንድ ያህል ተጭኖ በግድ ማጥፋት የሚገባው ማሽኑ ደርቆ አልላወስ ሲል ብቻ ነው። ስታቢላይዘሩና የግድግዳው ማብሪያ የሚጠፉት የሳጥኑ መብራት ከጠፋና ማራገቢያው ከቆመ በኋላ ነው።

ፈተናው ውል እየተተየበ መብራት ሲሄድ ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በብራና የተጻፈ ወንጌል ለዛሬ ደርሷል፤ ራም ላይ ያለ ጽሑፍ ግን ኤሌክትሪኩ በተቋረጠበት ቅጽበት የለም። ከመጨረሻው «ሴቭ» ወዲህ የተተየበው ይጠፋል፤ ዲስኩ እየጻፈ ከነበረ ደግሞ ፋይሉ ወይም ዊንዶውሱ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ልማድ ያለው ጸሐፊ በየአንቀጹ ኮንትሮልና ኤስን ይጫናል።

ስታቢላይዘር እዚህ ላይ አያድንም፤ የሚያስተካክለው ከፍ ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ ነው እንጂ ባትሪ የለውም። ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው፤ አነስተኛው የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ግን ሥራውን አስቀምጦ ማሽኑን ለማጥፋት እንጂ ገጹን ለመጨረስ አይደለም። ዩፒኤስ በሌለበት ቤት መብራት እንደሄደ ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል፤ መብራቱ ሲመለስ ቮልቴጁ ሊዘል ስለሚችል እስኪረጋ ጥቂት ተጠብቆ ይሰካል።