ጭኖ የሚወርድ ላንድሮቨር

ጥቅምት ሲቃረብ ዲላ ያለን የጋራዥ ሰዎች እንቅልፍ ይጠፋናል። በግቢ ጥግ ቆሞ ዶሮ ሲያድርበት የከረመ መኪና ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይታወሳል። የጌዴኦ ቡና ከጥቅምት እስከ ጥር ይለቀማል፤ ቀይ እሸት ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ካልገባ ጆንያው ውስጥ መሞቅና መብላላት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ደረጃውን የሚመልስለት የለም። ከአስፋልት ርቆ እሸት የሚሰበስብ ነጋዴ ታዲያ መኪናው እስከ ጥር ብቻ እንዲያደርሰው ይለምናል። ቀጥሎ የሚናገረውን አስቀድሜ አውቀዋለሁ፦ "ሞተሩን አውርድልኝ።"

እኔ ሞተር የማወርደው መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ደንበኞቼን የሚያናድዳቸውም ይኸው ነው።

ዘንድሮ ከገቡልኝ አንዱ ረጅም ሻሲ ላንድሮቨር ነው፤ እንግሊዞቹ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1971 ይሠሩት የነበረው ዓይነት፣ 2,286 ሲሲ የቤንዚን ሞተር ያለው። ባለቤቱ በቡሌ መንገድ ግራና ቀኝ ካሉ ቀበሌዎች እሸት የሚሰበስቡ አዛውንት ናቸው። "ጉልበት አነሰው፤ ዳገት ላይ ያለቅሳል" አሉኝ። "ሲወርድስ ጋሼ?" ስላቸው ትክ ብለው አዩኝ። መኪና ሲወርድ ምን ይሆናል? ይወርዳል ነዋ።

ነገሩ ያለው ግን እዚያው ላይ ነው። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,570 ሜትር ግድም ናት። ወደ ምሥራቅ ቡሌ ድረስ ሲወጡ ከ2,500 ሜትር ያልፋል፤ ወደ ምዕራብ ደግሞ መሬቱ ወደ አባያ ያዘቀዝቃል። ቡናው ያለው ተዳፋቱ ላይ ነው፤ ማጠቢያ ጣቢያው ግን ውሃ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ጊዜ ወንዝ ዳር፣ ታች ነው። እንግዲህ መኪናው ባዶውን ይወጣና ተጭኖ ይወርዳል። የሚያለቅስበት ዳገት ባዶውን የሚሄድበት ነው፤ አደጋ ያለው ዝም ብሎ በሚወርድበት ላይ ነው። በዚያ ላይ መንገዱ በጥላ ሥር ያልፋል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና የተደራረበበት ነው። ለዓይን የሚያስደስት፣ ለቡናም የሚስማማ ነው፤ ለጎማ ግን አይመችም። ፀሐይ የማይነካው ጭቃ ዝናቡ ካቆመ ከቀናት በኋላም እንደረጠበ ይቆያል።

ስለዚህ ሥራዬን ከጎማ ጀምሬ ወደ ሞተር እሄዳለሁ። መጀመሪያ አራቱንም ጎማ አውልቄ የፍሬን ሸራዎቹንና ሲሊንደሮቹን አያለሁ፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ካገኘሁ አጥቤ አልመልሰውም። ከዚያ የኋላውን አክስል እከፍታለሁ። ይህ መኪና ብዙ ሹፌር የማያውቀው አንድ ጠባይ አለው፤ የእጅ ፍሬኑ ጎማው ላይ አይደለም። ከትራንስፈሩ ኋላ፣ ወደ ኋላ አክስል ኃይል የሚወስደው ዘንግ የሚነሳበት ቦታ ላይ አንድ ከበሮ አለ፤ የእጅ ፍሬን ሲሳብ የሚያዘው ዘንጉ ነው። ዘንጉ ዲፈረንሻሉን ይይዛል፤ ዲፈረንሻሉ በግራና በቀኝ ሻፍቶች አማካይነት ጎማዎቹን ይይዛል። ከሁለቱ ሻፍቶች አንዱ ቢሰበር ዲፈረንሻሉ በተሰበረው በኩል በባዶ ይሽከረከራል፤ እጀታው እስከ ጫፍ ተስቦም መኪናው ይንሸራተታል። ጆንያ እየተጫነበት ቁልቁለት ላይ የቆመ ላንድሮቨር ሰው ሳይነካው ሲሄድ ያዩ ሰዎች ጂኒ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ጂኒ አይደለም፤ የተሰበረ ሻፍት ነው። ለዚህ ነው ዳገት ላይ ሲያቆሙ የፊቱንም አክስል አስገብተው እንዲያቆሙና ከጎማው ሥር ድንጋይ እንዲያደርጉ የምጨቀጭቀው።

ሻፍቱ ለምን ይሰበራል? በዝቅተኛው ማርሽ፣ ትራንስፈሩም በከባዱ ላይ ሆኖ ሞተሩ ወደ 40 ጊዜ ሲዞር ጎማው የሚዞረው አንዴ ነው። ፍጥነቱ በ40 ሲካፈል የመጠምዘዝ ኃይሉ በ40 ይባዛል፤ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ ያ ሁሉ ጉልበት የሚያልፈው ከአውራ ጣት ብዙም በማይወፍር ብረት ነው። የዚህ መኪና ሻፍት ወደ ዲፈረንሻሉ በሚገባበት ጫፍ ላይ ያለው ጥርስ 10 ብቻ ነው። ፋብሪካው ራሱ ድክመቱን ስላወቀ በኋላ በመጡት ረጃጅም ሻሲዎች ላይ የበለጠ ወፍራም አክስል ገጥሟል። ደግነቱ ብረቱ ሳይሰበር በፊት ይናገራል። ሻፍቱን አውጥቼ ጫፉን በጨርቅ አጥርጌ ወደ ብርሃን አዞራለሁ። ጥርሶቹ ቀጥ ብለው መሄድ ሲገባቸው ጠመም ካሉ ብረቱ አንድ ጊዜ ተጠምዝዞ አልተመለሰም ማለት ነው። የጋሼ መኪና የግራ ሻፍት እንዲህ ነበር። ሞተሩን ብቻ አድሼ ብልከው ኖሮ አዲሱ ጉልበት መጀመሪያ የሚያገኘው ይህንን ነበር።

ቀጥሎ ካምቢዮው። የዚህ ዘመን ላንድሮቨር አንደኛና ሁለተኛ ማርሹ ሲንክሮናይዘር የለውም፤ እየሄዱ ወደ ታች ለመቀየር ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ መርገጥ፣ በመካከል ነዳጅ መስጠት ይጠይቃል። ድሮ ሹፌር የሚመረጠው በዚህ ነበር። አሁን ያሉት ወጣት ሹፌሮች አይሱዙ ላይ የተማሩ ስለሆኑ ቁልቁለቱ መካከል ላይ ሁለተኛ ለማስገባት ይታገላሉ፤ ማርሹ እንቢ ይላቸዋል፤ መኪናው በባዶ ይወርዳል። ስለዚህ ደጋግሜ የምነግራቸው ቀላል ነው፦ ከመውረድ በፊት ቁም፣ ቀዩን የትራንስፈር ማንሻ ወደ ኋላ ሳብ፣ ማርሽህን ምረጥ፣ ከዚያ እስከ ታች ድረስ አትንካው።

የማይነካው ማርሽ ግን ባለበት መቆየት አለበት። የጋሼን ካምቢዮ ከመክፈቴ በፊት ጋቢናው ውስጥ አንድ የላስቲክ ቁራጭ አገኘሁ፤ አንዱ ጫፍ መቀመጫው እግር ላይ ታስሯል። "ይሄ ምንድን ነው?" ብዬ ሹፌሩን ጠየቅሁት። "ቁልቁለት ላይ ሁለተኛ ይተፋል፤ እጄ ሲደክም በሱ እይዘዋለሁ" አለኝ፤ ምንም እንዳልሆነ ነገር። ባለቤቱ ስለ ዳገት ሲያማርሩ ሹፌሩ ለቁልቁለቱ ላስቲክ አዘጋጅቷል! ማርሽ የሚተፋው በብዛት ነዳጅ ሲለቀቅ፣ ጎማው ሞተሩን በሚገፋበት ሰዓት ነው፤ ያኔ ጥርሶቹ በሌላኛው ጎናቸው ይጫናሉ፣ የተበላ ቡሽና የላላ ሞላ ያለበት ማርሽ ይንሸራተታል። ከሥራው ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የወሰደብኝ ይህ ነው። የሁለተኛውን ማርሽ ቡሽ፣ ኩሽኔታዎቹንና ማርሹን ቦታው ላይ የሚይዙትን ሞላዎች ለወጥኩ። ቡሹ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ ነው የመጣው፤ የመጀመሪያው ሲለካ ከዘንጉ ጋር ልክ አልነበረም፣ ተመለሰ። አዲስ ማሸጊያ ውስጥ ያለ ሁሉ አዲስ ዕቃ አይደለም፤ በማይክሮሜትር ሳልለካ የምገጥመው የለም።

ሞተሩ ጋ ስንደርስ መጀመሪያ የተደረገው ነገር ማውረድ ሳይሆን መለካት ነው። እዚህ ላይ ስለ ከፍታ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የጥገና መጽሐፉ ላይ ያለው የኮምፕረሽን ቁጥር ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው። ዲላ ላይ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ወለሉ 83 በመቶ ያህል ነው፤ ጤነኛ ሞተርም እዚህ ሲለካ በዚያው ልክ አንሶ ይታያል። መጽሐፉን እንዳለ የሚያምን መካኒክ ጤነኛውን ሁሉ "አልቋል" ይላል፤ ያወርዳል፤ ያስከፍላል። እኔ ይበልጥ የማየው በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አራቱም እኩል ዝቅ ካሉ ጊዜ አለ፤ አንዱ ከሌሎቹ ከተለየ በዚያ በኩል ነገር አለ።

በዚሁ ምክንያት "ጉልበት አነሰው" የሚለው ክስ ግማሹ የአየሩ ነው። ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ 77 የፈረስ ጉልበት ተብሎለታል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ከ2,500 ሜትር በላይ ሲወጣ ሩብ ያህሉን ያጣል፣ ማለትም አዲስ ቢሆን እንኳ ቡሌ ላይ 60 አይሞላም። ውሃም እንደዚሁ ነው። ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ዲላ ላይ በ95 ዲግሪ ግድም፣ ቡሌ በኩል በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተሩን ከመፍላት የሚጠብቀው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ያለው መኪና ዳገት ላይ ፈላ ተብሎ ቴስታታው ሲወርድ ብዙ አይቻለሁ። የክዳን ዋጋ ከቴስታታ ሥራ ጋር አይወዳደርም፤ ግን ክዳን ቀይሬ ገንዘብ ስቀበል "ይቺን ብቻ?" የሚለው አስተያየት አይቀርልኝም።

የጋሼ ሞተር ግን በእርግጥ ሥራ ይፈልግ ነበር፤ ያጋለጠውም ቁልቁለት ነው። ረጅም ቁልቁለት ነዳጅ ሳይሰጡ ወርደው ታች ሲደርሱ ነዳጅ ቢረግጡ፣ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ፣ ዘይት ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ካርቡሬተሩ ሲዘጋ ሞተሩ አየር አጥቶ ከየቀዳዳው ይስባል፤ የቫልቭ ማስኬጃዎቹ ከሰፉ በዚያ በኩል ዘይት ይወርዳል። ቴስታታውን አነሳሁ። ማስኬጃዎቹ ሰፍተው ነበር፤ የሦስተኛው ሲሊንደር ግድግዳም ከላይ፣ ሪንጉ በሚመለስበት ቦታ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጠርዝ ሠርቷል። እንዲህ ሲሆን ሪንግ ብቻ ለውጦ መመለስ ለአንድ ወር ነው፤ አዲሱ ሪንግ ጠርዙ ላይ ይመታል፣ ይሰበራል። ብሎኩን ሬክቲፋይ አስደርጌ አንድ ደረጃ የሰፋ ፒስተን ገጠምኩ፤ የክራንክሻፍቱ ልክ ደህና ስለነበር የቢዬላ ኩሽኔታ ብቻ ለወጥኩ። ቫልቮቹን በ0.25 ሚሊ ሜትር ክፍተት አስተካከልኩ። ስለ ሞተሩ ከዚህ በላይ የሚባል የለም፤ ሞተር ማደስ እንደ ሰው ግምት ከባዱ ሥራ አይደለም፣ ትዕግሥትና ንጽሕና ይበቃዋል።

በመካከል የጋሼ ልጅ መጣ። "ጋሼ ዝም ብለው ነው፤ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር እንግጠምበትና እንገላገል" አለኝ። ብዙ ሰው አድርጎታል፤ ነዳጅ ይቆጥባል፣ መለዋወጫውም በየቦታው አለ፤ ክፉ ሐሳብ አልለውም። ነገር ግን ልጁ የሚፈልገው ጉልበት የሚያልፈው በዚያው 10 ጥርስ ባለው ሻፍትና በዚያው ካምቢዮ ነው። ሞተሩን ማጠንከር የሚሰበረውን ነገር ቦታ ይለውጣል እንጂ መሰበሩን አያስቀርም። ናፍጣ ሞተር የሚገጥም ሰው ለአክስሉም አብሮ ይክፈል፤ ካልሆነ ይተወው። ልጁ የሁለቱን ዋጋ ደምሮ ሲያይ ጸጥ አለ።

ሲያልቅ ወደ ቡሌ አልወጣሁም። ወጥቶ የሚያሳይ መካኒክ ባለቤቱን ያስደስታል፤ እኔ ግን አሸዋ በጆንያ አስጭኜ ከአስፋልቱ ወጣ ባለ ቁልቁለት ላይ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳልነካ ወረድኩ። እጄን ከማርሹ ላይ አንስቼ አየሁት፤ ቆየ። መካከል ላይ አቁሜ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ያዘ። ታች ደርሼ ነዳጅ ስረግጥ ረዳቴ ከኋላ ሆኖ ጭሱን ተመለከተ፤ የለም አለ።

ጋሼ መኪናውን ሲረከቡ ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች ግማሽ ጭነት ብቻ፣ ከዚያ ዘይት ይቀየር፣ የቴስታታው ብሎኖች እንደገና ይጥበቁ አልኳቸው። "እሺ" አሉ፤ በለቀማ ወቅት "እሺ" ምን ያህል እንደሚጸና አውቃለሁ። በጆንያው ላይ ሰው እንዳይጫንም ነገርኳቸው፤ እዚህ ላይ ዝም አሉ፣ ዝምታቸውን አልወደድኩትም። ስለዚህ ሹፌሩን ለብቻው ወስጄ ሥራ አስያዝኩት። ከመቀመጫው ሥር ሁለት መጠባበቂያ ሻፍቶች፣ አጭሩና ረጅሙ አሉ። ዲፈረንሻሉ ወደ ቀኝ ስለተጠጋ የቀኙ አጭር፣ የግራው ረጅም ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ይህ አክስል ሻፍቱ ቢሰበርም ጎማውን አይጥልም፤ ስድስቱን ብሎኖች ፈትቶ፣ የተሰበረውን አውጥቶ፣ ሌላውን መክተት ነው። ስብርባሪው ውስጥ ከቀረ ግን አይንዳው፤ ዲፈረንሻሉን ይበላዋል። ጋራዡ በር ላይ ሁለቴ አስፈታሁት፣ ሁለቴ አስገጠምኩት፤ በሁለተኛው ጊዜ ሳይጠይቀኝ መጀመሪያ ድንጋይ ፈለገ።